የካዋሳኪና የሱዙኪ ጠብ በገንዳ ውሃ

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ በሞተር ሳይክል «ቦክሰር ነው የሚሻለው»፣ «የለም፣ አፓቼ» እየተባባለ የሚከራከር ጎረምሳ ሁሉ ሳያውቀው የሌላ አገር ጠብ ወርሷል። የጠቡ ባለቤቶች ጃፓኖች ናቸው፤ ከእነሱ በፊት ደግሞ ጣሊያንና እንግሊዝ ነበሩ። ይህን የምለው መካኒክ ሆኜ አይደለም። ከመተማ እስከ ቋራ በግብርና መሥሪያ ቤት ሞተር እየተመላለስኩ ያረጀሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሞተር ጠጋኙ ዳስ ሥር ቡና እየጠጣሁ የምውል ሰው ነኝ። ልጆቹ ስልካቸውን ያወጡና የያማሃን አር 1፣ የሱዙኪን ሀያቡሳ፣ የቢኤምደብሊውን ኤስ 1000 አርአር እያሳዩ «ጋሼ፣ ከነዚህ የቱ ይበልጣል?» ይሉኛል። ከሦስቱ አንዱም የሽንፋን መንገድ ሲረግጥ አላየሁም፤ እኔም የማውቃቸው ከመጽሔትና ከስክሪን ነው። ቢሆንም ጥያቄውን አላጣጥለውም። ልጁ የተቀመጠባት ባለ 150 ሲሲ ሞተርና ስልኩ ላይ ያለው ባለ 1000 ሲሲ ሥጋ ዘመድ ናቸው። እኛ ሰው ሲጋባ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንቆጥራለን፤ የእነዚህን ግን የቆጠረላቸው የለም።

ቅድመ አያቱን ካላችሁኝ የምጀምረው በእንግሊዝና በአየርላንድ መሃል ካለችው ከማን ደሴት ነው። እዚያች ደሴት ላይ በየዓመቱ የመኪናው መንገድ ይዘጋና የሞተር እሽቅድምድም ይካሄዳል፤ አንዱ ዙር ብቻ ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የእንግሊዙ ኖርተን ትልቁን ውድድር ለዓመታት የግሉ አድርጎት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የጣሊያኑ ሞቶ ጉትሲ ስታንሊ ውድስ የሚባል አየርላንዳዊ አስቀምጦ በ4 ሰኮንድ ቀደመው። ከሦስት ሰዓት በላይ ተጋልቦ የ4 ሰኮንድ ልዩነት! የኖርተኑ ሰው ቀድሞ ስለጨረሰ አሸነፈ ተብሎ እንኳን ደስ ያለህ ሲባል ነው ሰዓቱ ተሰልቶ የተነጠቀው። ተወዳዳሪዎቹ እዚያ የሚነሱት በየተራ እንጂ አንድ ላይ አይደለምና።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ ማለትም በእኛ በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ጉትሲ ያኔ ለጣሊያን ጦር ጂቲ 17 የሚባለውን ባለ 500 ሲሲ ሞተር ይሠራ ነበር። የእንግሊዝ ጦርም ቆይቶ 16 ኤች የተባለውን ኖርተን በአሥር ሺዎች ገዝቷል። አኪሌ ስታራቼ የሚመራው ባለ መኪና ጦር ከአስመራ ተነስቶ፣ በኦምሃጀር በኩል ቆላውን ዞሮ፣ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። አራት ዓመት አለፈና ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ከመተማ ተሻግሮ በእንግሊዝ እጅ የነበረችውን የሱዳኗን ገላባትን ያዘ። ጉትሲ ጋላቢውና ኖርተን ጋላቢው መንግሥት፣ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በወደቁበት ምድር ላይ ተፋጠጡ።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኮንን ዊልያም ስሊም የሚያዝዘው የሕንድ 10ኛ ብርጌድ ገላባትን መታ፤ ምሽጉንም አስለቀቀ። ወደ መተማ ሊያልፍ ሲል ግን ታንኮቹ አብዛኞቹ ሰንሰለታቸው በቋጥኝና በፈንጂ እየተበጠሰ ቆሙ። የጣሊያን አውሮፕላን ደግሞ ከላይ ደበደባቸው፤ መተማ ሳትያዝ ቀረች። ጣሊያን በገዛ ፈቃዱ የለቀቀው ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲሄድም መንገዱን በፈንጂ ሞልቶት ሄደ። ፕሬሚንድራ ሲንግ ብሃጋት የሚባል የሕንድ መሐንዲስ ጦር መኮንን ወደ ጎንደር በሚወጣው መንገድ 88 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ፣ በአራት ቀን ውስጥ 15 የፈንጂ አጥር አጽድቶ ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለውን ኒሻን ተሸለመ። ዛሬ ልጆቹ ታንከራቸው ላይ ተኝተው ጋዝ የሚሰጡት በዚያው አቅጣጫ ነው። ጎንደር ራሷ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ የጉትሲና የኖርተን ነገርም በእኛ በኩል እዚህ ላይ አበቃ።

የጃፓን ዘመን ወደ ቆላው የገባው በመሥሪያ ቤት በር ነው። ከአዘዞ እስከ መተማ ያለው መንገድ ገና ጠጠር ሳለ፣ ሞተር ማለት የመንግሥት ወይም የእርዳታ ድርጅት ንብረት ነበር፤ የወባ፣ የካላዛር፣ የግብርና። ቁልፉ ኃላፊው ጠረጴዛ ውስጥ፣ ቤንዚኑ በኩፖን፣ ጉዞው በመዝገብ። የግል ሞተር ያለው ሰው አላውቅም ነበር። እኛ ግን የግላችን እስኪመስለን ድረስ በማርካ እንጣላ ነበር፤ የግብርናው ያማሃ ዲቲ 125 ሲይዝ የጤናው ሆንዳ ኤክስኤል ይይዛል፤ ኩመር ላይ ሻይ ቤት ስንገናኝ ክርክሩ ይነሳል።

ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። ዲቲው ቱ ስትሮክ ነው፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥላል። ቀላል ነው፣ ጉልበቱ ድንገት ይመጣል፣ ከጭቃ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ግን ከመቀመጫው ሥር ያለችው የዘይት ጋን ባዶ መሆኗን ያላየ ጋላቢ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ጫካ መሃል ያድራል። ኤክስኤሉ ፎር ስትሮክ ነው፤ ዘይቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ አይጮህም። የሚፈልገው ቫልቩን ጠብቆ የሚያስተካክል ሰው ነው፤ ያን የሚያውቅ ደግሞ ያኔ ከጎንደር ወዲህ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ የዲቲ ወገን ነበርኩ፤ ዛሬም ለሐምሌ ጭቃ ከሆነ እሱን አስቀድማለሁ።

ማርካ የማይለየው አንድ ችግር ግን ነበረ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ መተማ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች። ደጋ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ የቤንዚኑ ድርሻ ያንስና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ነጋዴ ባሕርን አልፈን ስንወርድ ሞተሩን አጥፍተን፣ ካንዴላውን ፈትተን ቀለሙን እናይ ነበር። ጫፉ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ነው። ከነጣ እየተቃጠለ ነው፤ ቤንዚን የምታሾልከዋ የናስ ቀዳዳ በሰፊዋ መለወጥ አለባት። ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል። አንዳንድ ሹፌር ይህን ሁሉ ሲያይ ይስቅብን ነበር፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን፣ ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወር፣ የሚስቅ አልነበረም።

ከሰኔ በኋላ ደግሞ ዋልካው አለ። ዋልካ ጎማ ላይ ይጠቀለልና ከፊት ጎማውና ከፓራፋንጎው መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞር ያቆማል፤ ሞተሩ እየጮኸ ሰውየው ይወድቃል። ስለዚህ ገና ደመና ሲጠቁር ካቻቢቴ ይወጣና የፊት ፓራፋንጎ ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ጭቃው ፊትህ ላይ ነው፤ ግን ትሄዳለህ። ዲቲውም ኤክስኤሉም ለገጠር ስለተሠሩ ፓራፋንጓቸው ከጎማው ርቆ ከፍ ያለ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ይህ አልቀረላቸውም፤ የአስፋልት ሞተር ደግሞ ጎማው ላይ ተኝቶ ነው የሚሠራለት። ሞተር ልገዛ ነው ለሚለኝ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ከዚያ የመጣ ነው፤ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው ብዬ አልጠይቅም፤ ከጎማውና ከፓራፋንጎው መሃል ስንት ጣት ይገባል?

እኛ እዚህ ፓራፋንጎ ስንፈታ፣ እነዚያው ፋብሪካዎች በአገራቸው ሌላ ጦርነት ላይ ነበሩ። ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1984 ጂፒዜድ 900 አርን አወጣ፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 16 ቫልቭ ያለው፣ ኒንጃ የሚለውን ስም ይዞ የወጣ። ቶም ክሩዝ ፊልም ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተሽቀዳደመበት እሱ ነው። በዓመቱ ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 750ን ይዞ መጣ፤ 100 የፈረስ ጉልበት በ176 ኪሎ። ያ ሞተር የመወዳደሪያ ሜዳውን ማሽን ታርጋ ለጥፎ ለገበያ ያቀረበ ነበር። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1992 ፋየርብሌድን አመጣ፤ 893 ሲሲ ሆኖ 185 ኪሎ፣ ማለትም የትልቅ ሞተር ጉልበት በመካከለኛ ሞተር ክብደት። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1998 በአር 1 መለሰ፤ 150 የፈረስ ጉልበት በ177 ኪሎ። የማርሽ ሳጥኑን ዘንጎች ጎን ለጎን መደርደሩን ትቶ አንዱን ከአንዱ በላይ አደረጋቸው፤ ሞተሩ አጠረ፣ በተረፈው ቦታ የኋላ ክንዱን አስረዘመበት፤ ስለዚህ ጋዝ ሲሰጡት መንገዱን ይዞ ይቀራል። ከሁሉም የምወደው ይህን ሐሳብ ነው። (ክብደቱን ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ፤ ያኔ ፋብሪካዎቹ ሞተራቸውን የሚመዝኑት ቤንዚኑንና ዘይቱን አፍስሰው ነበር።)

እ.ኤ.አ. በ1999 ሱዙኪ ሀያቡሳን ለቀቀ፤ 1,299 ሲሲ፣ 175 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። የአውሮፓ መንግሥታት ሊያግዱ ነው የሚል ስጋት ሲነሳ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ፍጥነቱን 299 ላይ አሰሩት። ከአሥር ዓመት በኋላ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው በኤስ 1000 አርአር 193 የፈረስ ጉልበት ይዞ ገባና አራቱ ጃፓኖች አምስተኛ ባላጋራ አገኙ። የጣሊያን ዱካቲ በመልክ ሁሉንም ይበልጣል፤ 916 የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ሥራቸው ዛሬም ፎቶው ሲታይ ዳሱ ሥር ዝምታ ይሆናል።

አሁን ዝምድናው ይመጣል። የሩጫው ወጪ የሚሸፈነው በፈጣኖቹ ሽያጭ አልነበረም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1959 ማን ደሴት ላይ ለመወዳደር ሲሄድ፣ ካዝናው ውስጥ የነበረው ከዓመት በፊት ያወጣት የሱፐር ከብ ገንዘብ ነው፤ ዶሮ ነጋዴና ፖስተኛ የሚነዳት 50 ሲሲ ሞተር። በሁለት ዓመት ውስጥ ማይክ ሄልዉድ በሆንዳ ሁለት ውድድር አሸነፈ፤ ሱፐር ከብም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ነበር። ትንሹ ሞተር ነው ትልቁን ያሳደገው።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 100 ሲሲ ለሚደርስ ሞተር የውጭ ፋብሪካ ከአገር ልጅ ጋር እንዲሠራ በሯን ስትከፍት፣ አራቱም ጃፓኖች አንዳንድ ባልንጀራ ይዘው ገቡ። ሆንዳ ከሂሮ፣ ያማሃ ከኤስኮርትስ፣ ሱዙኪ ከቲቪኤስ፣ ካዋሳኪ ከባጃጅ። ጠቡ እንዳለ ተሻገረ፤ የሲሲው ቁጥር ብቻ ነው ያነሰው። ባጃጅ ቀድሞ የጣሊያኑን ቬስፓ በፈቃድ የሚሠራ ቤት ነበረ፤ ከካዋሳኪ ጋር ከገጠመ በኋላ ነው ሞተር ሳይክል የለመደው። ቦክሰር መጀመሪያ ሕንድ ላይ ሲሸጥ የሁለቱን ስም አብሮ ይዞ ነበር። ቲቪኤስም ከሱዙኪ ጋር ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ተለያየ፤ በ2006 አፓቼን በራሱ እጅ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዘሩ ተደበላልቋል። ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ2007 የኦስትሪያውን ኬቲኤም ድርሻ ገዛ፤ ቲቪኤስ በ2013 ከቢኤምደብሊው ጋር ተፈራረመና ባለ 310 ሲሲው ሞተር ሕንድ ውስጥ ሆሱር ላይ ለሁለቱም ይሠራል። ስልኩ ላይ ኤስ 1000 አርአርን የሚያሳየኝ ባለ አፓቼ፣ ቢያውቀው፣ አማቱን ነው የሚያሳየኝ።

እነዚህን የሕንድ ሞተሮች ወደ ቆላው ያመጣቸው ሰሊጥ ነው። አስፋልቱ ከተሠራ፣ ሰሊጥም ዋጋ ካወጣ በኋላ፣ ሞተር ከመሥሪያ ቤት ግቢ ወጥቶ የገበሬ ልጅ እጅ ገባ። ጥቅምት ላይ ይታጨዳል፣ ኅዳር ይራገፋል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል፤ ከዚያ ገንዳ ውሃ ላይ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ መቀመጫ ታያላችሁ። ሞተሩ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ለእርሻ ሠራተኞቹ ለሳሉጎች እንጀራና ውሃ እርሻ ድረስ ያደርሳል፣ ካላዛር የያዘውን ከኋላ አስሮ ጤና ጣቢያ ያመጣል፣ ሦስት ሰው ጭኖ ከኮኪት ገበያ ይመለሳል። ሕጉ ሁለት ይላል፤ እኔ ትራፊክ አይደለሁም።

ለዚህ ሥራ ቦክሰር ያለ ክርክር ይቀድማል። ባለ 150ው ወደ 12 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የአር 1ን አሥራ ሁለተኛ እንኳ አያህልም። ግን በአንድ ሊትር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። አር 1 ሲጋለብ 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር በሚሸጥበት ወር ይህ ቁጥር የሰኮንድ ጉዳይ አይደለም። መቀመጫው ረጅም ነው፣ የኋላ ማያያዣው ብረት ነው፣ ካቴናውና ፍሪሲዮኑ ከጎንደር እስከ ገለጉ በየሱቁ ይገኛል። አፓቼ 180ው 17 የፈረስ ጉልበት አለው፤ መሪው ዝቅ ያለ፣ ፍሬኑ ዲስክ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው አስፋልት ላይ ቦክሰርን አቧራ ያለብሰዋል። መታጠፊያ ላይ ሲተኛ አይቼ፣ ከሱዙኪ ቤት የተማረ መሆኑን መካድ አልችልም። ከአስፋልቱ ወርዶ ዋልካ ሲገባ ግን ከጎማውና ከፓራፋንጎው መሃል ሁለት ጣትም አይገባም።

ሀያቡሳስ? ከሆዱ እስከ መሬት ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ የጎን ልብሱ ፕላስቲክ ነው፤ የሽንፋን መንገድ ግማሹን ሳይሄድ ሆዱን ቋጥኝ ላይ ጥሎ ይቆማል። የስሊም ታንኮች የቆሙበት ቋጥኝ ዓይነት። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ስሊም ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ብቻ ነው።

ያ የጠየቀኝ ልጅ ባለፈው ኅዳር ሰሊጡን ሸጦ መጣ። እርሻው ደለሎ በኩል ነው፤ ስድስት ወር ዋልካ፣ ስድስት ወር ስንጥቅ መሬት። ቦክሰር ግዛ ብዬ ጣቴን እስከ ማስለካት ደረስኩ፤ ስለ ቤንዚኑ፣ ስለ ካቴናው፣ ስለ ኋላ ብረቱ ሁሉ ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በሳምንቱ ቀይ አፓቼ ላይ ተቀምጦ ዳሱ ፊት ቆመ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነግሬህ ነበር?»

«ጋሼ፣ የሱዙኪ ተማሪ፣ የቢኤምደብሊው አማች ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?» አለና ካቻቢቴ ያውሱኝ አለ። የፊት ፓራፋንጎውን ሊፈታ ነው።